የሱዩንዱክ ማቀዝቀዣ

አት-ባሺ፣ ማርች 9

ለእህቴ ልጅ ለኡላርቤክ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ አቤቱታ አለኝ። ባለፈው በላክኸው ፖስታ ላይ «ለተከበሩ አዛውንት ለካዲርኩል» ብለህ ጽፈሃል። አዛውንት ማን ነው? ከፊት ያሉት ጥርሶቼ ሁሉ የራሴ ናቸው፤ ከኋላ ያሉትን ማንም አያያቸውም። ፖስታውን ያመጣው የጭነት መኪና ሹፌር «አዛውንቱ የታሉ?» እያለ በአጥሩ ላይ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ከዚያን ቀን ወዲህ አክስትህ ሳይካል ሾርባዬ ውስጥ ያለውን ሥጋ አድቅቃ ነው የምታቀርብልኝ። በሚቀጥለው «ለጎበዙ ካዲርኩል» ብለህ ካልጻፍክ ሳልከፍት እመልሰዋለሁ።

አቤቱታዬን ከጨረስኩ ዘንዳ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። አላህ በሰው አገር እጅህን ከብረት፣ ደረትህን ከብርድ፣ ልብህን ከክፉ ባልንጀራ ይጠብቅልህ። እኛ ደኅና ነን። ላሟ ወልዳለች። በረዶው ከመስኮቱ ደፍ ወርዷል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለምን አትደውልም እንዳትለኝ። በስልክ ሳወራ አክስትህ አጠገቤ ተቀምጣ እኔ የምለውን ታርመኛለች፣ አንተ የምትለውን ደግሞ ወዲያው ለእህቷ ታደርሳለች። እህቷ የማን ሚስት እንደሆነች ታውቃለህ። የሱዩንዱክ። ይህ ጉዳይ ደግሞ ሱዩንዱክ ጆሮ መግባት የለበትም።

በየዓመቱ የመጀመሪያው የፈረስ ወተት ሲደርስ ሽማግሌዎቹን ወደ ተራራው ግጦሽ የማወጣቸው እኔ ነኝ። ያቺ አሮጌ የጃፓን ሚኒባስ እጄ ከገባች ጀምሮ ሌላ ሰው አውጥቷቸው አያውቅም። ሽማግሌ ያመጣ ሰው ከሽማግሌ ጎን ይቀመጣል፤ በጉ ሲታረድም የዳሌው አጥንት ለሱ ነው። ይህን አንተም ታውቀዋለህ፤ ልጅ ሆነህ ከእጄ ነጥቀህ ስትግጠው ኖረሃል።

ባለፈው ዓመት ግን ዳገቱ መሐል ላይ ቀይ መብራት በራብኝ፤ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፤ መኪናዋም እንደ ደከመች በቅሎ ቆመች። ያኔ ከኋላዬ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ሱዩንዱክ፣ ባዶ ሚኒባስ ይዞ። ባዶ መኪና ይዞ ተራራ የሚወጣ ሰው ምን እየጠበቀ እንደሆነ አንተው ፍረድ። አባባ አሸንባይ ምርኩዛቸውን አንስተው «በል ካዲርኩል፣ አንተ አርፈህ ና» ብለውኝ ወደሱ ተሻገሩ። የዳሌው አጥንት ለሱ ተሰጠ። ሲግጠው አየሁት። ቀስ እያለ ነው የጋጠው።

መካኒኩ እንደነገረኝ፣ ማርሽ በራሷ የምትቀይር መኪና የካምቢዮዋ ዘይት በዳገት ላይ ይፈላል፤ የዘይት ማቀዝቀዣ ያስፈልጋታል። አንተ ደግሞ የካተሪንቡርግ ውስጥ የጃፓን መኪና መለዋወጫ ሻጭ ዘንድ ነው የምትሠራው። ርካሹን መርጠህ ላክልኝ። መኪናዋ ካንተ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ከራሷ ዋጋ በላይ የሆነ ዕቃ ብገጥምላት ትታዘበኛለች። ብቻ ከድግሱ በፊት ይድረስልኝ። ዘንድሮ ሽማግሌዎቹን ሱዩንዱክ ካወጣቸው ልማድ ይሆናል፤ ልማድ ደግሞ በመፍቻ አይፈታም።

አጎትህ ካዲርኩል


የካተሪንቡርግ፣ ኤፕሪል 6

ለጎበዙ አጎቴ ለካዲርኩል፣

ሰላምታዬ ከዚህ ጭቃና ጭስ ተነስቶ በደጅዎ ይድረስ። እናትም አባትም ሆነው አሳድገውኛልና እጅዎን ከሩቅ እስማለሁ። አላህ ጤናዎን ያብዛልኝ፤ ጥርስዎንም፣ ከፊት ያሉትንም ከኋላ ያሉትንም፣ ይጠብቅልኝ።

ስለ ማቀዝቀዣው። እዚህ ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቧንቧ ሆኖ ስስ ክንፎች ያሉት ነው፤ ከሁሉ ይረክሳል። ሁለተኛው ጠፍጣፋ መተላለፊያዎች ያሉት ነው። ሦስተኛው ስስ ሳህኖች እንደ ቂጣ ተደራርበው የተበየዱበት ነው፤ ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ያቀዘቅዛል፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ከተገጨ መኪና የወለቀ ርካሽ አለ ቢሉዎት አይስሙ። ያረጀ ካምቢዮ የብረት ብናኝ ይተፋል፤ ብናኙ ማቀዝቀዣው ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ገዝተው ሲገጥሙት የሌላ ሰው በሽታ ገዙ ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ሆኖ ርካሽ እንጂ አሮጌ ሆኖ ውድ መሳይ አልልክልዎትም።

ግን መጀመሪያ ይንገሩኝ። ሽማግሌዎቹ ሲሳፈሩ ጭነቱ ምን ያህል ይሆናል? ተጎታች ይጎትታሉ? ዘይቱ ቀይ ነው ወይስ ጠቁሯል? ጠቁሮ ያረረ ያረረ ከሸተተ መጀመሪያ ይቀየር። ደግሞ ከፊት ለፊት አየር እንደ ልብ ይገባል? ማቀዝቀዣ የሚሠራው በነፋስ ነው፤ ነፋስ ካላገኘ ተራ ብረት ነው።

ቤተሰቡን ሰላም ይበሉልኝ። የሱዩንዱክ ቤትስ እንዴት ነው? ጋሼ ሱዩንዱክ ወገባቸውን ተሻላቸው? እትዬስ? ልጃቸው ጂቤክ የነርስነት ትምህርቷን ጨረሰች? ያ ጆሮው የተቆረጠው ውሻቸውስ አለ?

የእህትዎ ልጅ ኡላርቤክ


አት-ባሺ፣ ኤፕሪል 29

ለኡላርቤክ፣

ሰላም ለቤትህ፣ በረከት ለገበታህ። እንዲያው ለነገሩ፣ የኔን ቤት «ቤተሰቡ» ብለህ በአንድ ጥቅል ሰላም ብለህ፣ የሱዩንዱክን ቤት በነፍስ ወከፍ ከነውሻው ጠየቅህ። ውሻው ደኅና ነው። ያለኝ መልስ ይኸው ነው።

ለጥያቄህ፦ ሽማግሌዎቹ ሰባት ናቸው፤ አባባ አሸንባይ ግን ለብቻቸው እንደ ሁለት ይቆጠሩ። ተጎታች የለኝም። ዘይቱን አሽትቼው ነበር፤ ለሁለት ቀን ምግብ አልቀመስኩም። ስለ ነፋስ አትጨነቅ፤ ከነፋስ የተሻለ ነገር አድርጌላታለሁ፤ ጊዜው ሲደርስ እነግርሃለሁ።

አሁን ግን ሁሉንም ትተህ ይህን ስማ። ትናንት በሱዩንዱክ ደጅ ሳልፍ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ያብሳል። ሳላስበው እግሬ ወሰደኝ። ከራዲያተሩ ፊት ምን አየሁ መሰለህ? ማቀዝቀዣ። አዲስ። ጥቁር። ያ አንተ እንደ ቂጣ የተደራረበ ያልከው ዓይነት፣ የዳቦ መጋገሪያ የሚያክል። ሲጠርገው የነበረው በለስላሳ ጨርቅ ነው፤ የልጁን ፊት እንኳ እንደዚያ ጠርጎ አያውቅም።

«ይኼን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «አንተ ነህ የምትጠይቀኝ?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን ቆሟል እዚህ?»

«እሺ፣ ከሰማይ ወረደልኝ እንበል» አለና ጠቀሰኝ።

ጠቀሰኝ ስልህ፣ በዚህ ዕድሜው፣ በአንድ ዓይኑ። ከዚያ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «ሻይ ግባ ጠጣ» አለኝ። እኔም ላሟ ታማብኛለች ብዬ ሄድኩ።

ሌሊቱን ሙሉ ያቺ ጥቅሻ ስታቃጥለኝ አደረች። ሳይካል «ምን ሆነህ ነው የምትገላበጠው?» አለችኝ። «ቁንጫ ነው» አልኳት። ይህን ሰውዬ ከሠርጋችን ጀምሮ ነው የማውቀው። እኔ በግ ባርድ ሁለት ያርዳል። ጣሪያዬን በቆርቆሮ ባለብስ እሱ ሰማያዊ ቆርቆሮ ያመጣል። ባለቤቶቻችን እህትማማቾች ስለሆኑ የኔ ቤት ወጥ ጨው ሲበዛበት እንኳ እሱ በማግስቱ ያውቀዋል።

ስለዚህ ሐሳቤን ለውጫለሁ። ርካሹን ተወው። ከሱ የሚበልጥ ላክልኝ። ከመኪናዋ ቢተልቅም ከላይ አስረዋለሁ። ደግሞ አንተ ገበያ ውስጥ ነህና ጠይቅልኝ፦ ለሱዩንዱክ ይህን የላከለት ማን ነው?

አጎትህ ካዲርኩል


የካተሪንቡርግ፣ ሜይ 31

ለጎበዙ አጎቴ፣

ሰላም፣ ጤና፣ ዕድሜ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ፤ ገበያው በሥራ ተጨናንቆ ነበር፣ ሹፌሩም አንዴ ሳላገኘው ሄደ።

ዕቃውን ልኬያለሁ። የተጠማዘዘ ቧንቧ ያለውን ነው፤ አዲስ ነው። ተቆጥተው ከመወርወርዎ በፊት ያንብቡኝ። ተጎታች ለማይጎትት መኪና፣ ሰባት ሽማግሌ ቢጭንም፣ ይህ ይበቃል። ትልቁን ብልክልዎ በጁላይ ደስ ይልዎታል፣ በጃንዋሪ ግን ያለቅሳሉ። በአት-ባሺ ብርድ ከመጠን በላይ የቀዘቀዘ ዘይት እንደ ማር ይወፍራል፤ ማርሹም አልያዝ ይላል። ለዚሁ ሲባል ዘይቱ መጀመሪያ በራዲያተሩ ውስጥ ይለፍ፣ ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣው ይምጣ፤ ራዲያተሩን ዘለው እንዳይቀጥሉት።

ቱቦው ዘይት የሚችል ዓይነት ነው፤ የቤንዚን ቱቦ አይተኩበት። ማቀዝቀዣውን በፕላስቲክ ማሰሪያ በክንፎቹ መሐል አሳልፈው አይሰሩት፤ ሲንቀጠቀጥ ቧንቧውን ይበላዋል። ማሰሪያ ብረቶቹንና ብሎኖቹን አብሬ ልኬያለሁ። ከተጠበቁ በኋላ ከብሎኖቹ ራስ እስከ ታችኛው ብረት በላክሁት ቢጫ ቀለም መስመር ያስምሩባቸው፤ አንዱ ከላላ መስመሩ ስለሚዛነፍ ወዲያው ያዩታል። በእጄ የሚወጣ ሥራ ሁሉ ላይ እንዲህ አደርጋለሁ፤ ከዚህ ገበያ ይህን የሚያደርግ ሌላ የለም፤ ይስቁብኛል።

ቸኩያለሁ፤ ሹፌሩ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። አክስቴን ይሳሙልኝ። ሁሉንም ሰላም ይበሉልኝ።

ኡላርቤክ


አት-ባሺ፣ ጁን 19

ለኡላርቤክ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ አላህ ያሰብከውን ይሙላልህ፣ ያላሰብከውንም ጨምሮ።

ዕቃው ደረሰኝ። ከጥቅሉ ሳወጣው ሳይካል «ይኼ ምንድን ነው፣ የሻይ ማጥለያ?» አለችኝ። የሱዩንዱክን ግማሽ አያክልም። አንድ ቀን ሙሉ አኮረፍኩ። በማግስቱ ግን ያልከውን አንድ በአንድ ፈጸምኩ። ዘይቱን ቀየርኩ። ራዲያተሩን አልዘለልኩም። ቢጫውንም መስመር አሰመርኩ፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ የኔ መስመር ትል ይመስላል። ለሱዩንዱክ ማን እንደላከለት ጠይቄህ ነበር፤ አልመለስክልኝም። ሹፌሩ እየጠበቀህ ስለነበር ይሆናል።

አሁን ቃል የገባሁልህን ምስጢር ልንገርህ። ማቀዝቀዣዬ ትንሽ ብትሆንም ሱዩንዱክ ያልደረሰበት ዘዴ አለኝ። አክስትህ ከበግ ፀጉር ቀጥቅጣ የሠራችውን ወፍራም ምንጣፍ ታስታውሳለህ? እሱን በልኩ ቆርጬ፣ ዳርና ዳሩን አሰፍቼ፣ የመኪናዋን አፍንጫ ከፊት አልብሻታለሁ። በብርዱ ወራት ሰው ሁሉ ራዲያተሩን ይሸፍናል፤ ሲሞቅ ይገፈዋል። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ጭራሽ አላወልቀውም። ለምን? አስበው። ድንኳኖቻችንን በምን ነው የምናለብሰው? በዚሁ ምንጣፍ። በብርድ ይሞቃሉ፣ በፀሐይ ደግሞ ይቀዘቅዛሉ። አባቶቻችን ይህን ሲያውቁ ጃፓኖች መኪና አልነበራቸውም። የምንጣፉ ውስጥ ቀዝቃዛ ነው፤ ማቀዝቀዣህም እዚያ ጥላ ውስጥ ተደላድላ ተቀምጣለች።

ድግሱ በጁላይ የመጀመሪያው ዓርብ ነው። ሽማግሌዎቹ ከኔ ጋር ለመሄድ ቃል ገብተዋል። አባባ አሸንባይ «አንድ ጊዜ እሞክርሃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ወገቤ አይችልም» ብለዋል። ስለዚህ ወይ ዘንድሮ ነው ወይ ከእንግዲህ የለም።

አጎትህ ካዲርኩል


የካተሪንቡርግ፣ ጁን 28

አጎቴ፣

ሰላምታውን በኋላ። ምንጣፉን ያውልቁት። ዛሬውኑ። ድንኳን ውስጥ እሳት ሲነድ ጣሪያው ይከፈታል እኮ፤ እርስዎ እሳቱን ለኩሰው ጣሪያውን ዘግተውበታል። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ ተራራ ላይ ናችሁ መሰለኝ ስልኩ አይነሳም። ይህን ለመጀመሪያው ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። እባክዎን።

ኡላርቤክ


አት-ባሺ፣ ጁላይ 14

ለኡላርቤክ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከድግሱ በኋላ ነው። ሹፌሩ በመንገድ ሠርግ አግኝቶ ሰነበተ። ስለዚህ ምንጣፉ አልወለቀም።

ባለፈው ዓመት በቆመችበት ኩርባ ላይ፣ ያው ቀይ መብራት። አባባ አሸንባይ ከኋላ ሆነው «ካዲርኩል፣ ይቺ መኪናህ እዚህ ቦታ ላይ ዘመድ አላት እንዴ? ሳትጠይቅ አታልፍም» አሉ። ሰባቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሱዩንዱክ ከኋላ መጣ። ዘንድሮስ ባዶ አልነበረም፤ ፈረስ የጫነ ተጎታች እየጎተተ ነበር፤ መኪናው ግን ላብ እንኳ አላላባትም። እኔ ገና ከመቀመጫዬ ሳልወርድ እሱ ከፊት ደረሰ። ምንጣፉን አየው። እጁን አስጠግቶ ወዲያው ሳበው፤ ያቃጥል ነበር። ከዚያ እኔን አየኝ። ኡላር፣ ያንን አስተያየት ልነግርህ አልችልም። አልሳቀም። ምንጣፉን ፈጥኖ ገፈፈና ጠቅልሎ ከመቀመጫዬ ሥር አስገባው። ለሽማግሌዎቹ ዞሮ «ቱቦ ላልቶበት ነው፤ የማንም መኪና ያጋጥመዋል» አላቸው።

ቢያሾፍብኝ ኖሮ እችለው ነበር። ሠላሳ ዓመት ስንሿሿፍ ኖረናል። ደግ ሆኖ ማዋረድ ግን አዲስ ነገር ነው።

ሽማግሌዎቹ ወደሱ ተሻገሩ። ለመቀመጫ ሲጣበቡ እሱ የራሱን መኪና ኮፈን ከፍቶ ዘይቱን ቃኘ። እኔም ያንን መጋገሪያ የሚያክል ዕቃ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ከቅርብ አየሁት። በየብሎኑ ራስ ላይ ቢጫ መስመር። ቀጥ ያለ፣ እንደኔ ትል ያልሆነ።

ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም። ሱዩንዱክ ግን አይቶት «ምነው?» አለኝ። «ፀሐዩ ነው» አልኩት። ዓይኔ ያረፈበትን ብሎን አየና ኮፈኑን ከደነው።

ማታ በጉ ቀረበ። የዳሌው አጥንት ለሱ ተሰጠ። እሱ ግን ሥጋውን ከፍሎ ግማሹን ወደኔ ገፋልኝ። ግማሽ ዳሌ፣ በሰው ፊት፣ በሱዩንዱክ እጅ። አመስግኜ በላሁ። እስካሁን አልወረደልኝም።

አሁን አንተ ንገረኝ። «የእህት ልጅ ከሚመጣብህ ሰባት ተኩላ ይምጣብህ» ሲባል እኔ አልቀበልም ነበር። ያሻህን ስትወስድ ዝም ብዬሃለሁ፤ ኮርቻዬን ወሰድክ፣ የበግ ቆዳ ካፖርቴን ወሰድክ፣ ደስ ብሎኝ ነው። ተኩላ ግን ቢያንስ ከኔ የበላውን ለጎረቤት አይልክም። ትልቁን ለሱ፣ የሻይ ማጥለያውን ለኔ። ለምን?

ካዲርኩል


የካተሪንቡርግ፣ ኦገስት 7

አባቴም አጎቴም ለሆኑት ለካዲርኩል፣

ሰላም ለማለት ፊት የለኝም፤ ቢሆንም ሰላም ይሁኑ።

ዕቃውን ከነቢጫ ቀለሙ የላኩት እኔ ነኝ። ባለፈው በብርዱ ወራት ቤትዎ በሰነበትኩ ጊዜ ጂቤክ አክስቴን ልታግዝ ትመጣ ነበር። የቀረውን መጻፍ አያስፈልገኝም። አክስቴ ታውቃለች፤ ጂቤክም ታውቃለች፤ አባቷ ግን አያውቁም።

ትልቁን ለእሳቸው የላኩት ከእርስዎ ስለሚበልጡብኝ አይደለም። የእሳቸው መኪና ፈረስ ትጎትታለች፣ የእርስዎ ግን አትጎትትም። ይህ እውነት ነው። ሌላው እውነት ደግሞ የልጅቷ አባት መሆናቸው ነው።

እንደሚያውቁት ልጅ የሆነ ሰው በራሱ ስም ለሴት ልጅ አባት ስጦታ አይልክም፤ ስድብ ነው። ከታላቅ ሰው መምጣት አለበት፤ እኔ ደግሞ ከእርስዎ ሌላ ታላቅ የለኝም። ስለዚህ «አጎቴ ካዲርኩል ናቸው የላኩልዎ» ብዬ ላክሁት። የእህት ልጅ ከአጎቱ ቤት ያሻውን ይወስዳል ይባል የለ? ኮርቻውንና ካፖርቱን ወሰድኩ፤ ዘንድሮ የወሰድኩት ስምዎን ነው።

ልነግርዎ በየደብዳቤው አስብ ነበር። እርስዎ ግን በየደብዳቤው ስለሳቸው እየነደዱ ስለሚጽፉልኝ ፈራሁ።

ጋሼ ሱዩንዱክ ዕቃውን አልመለሱም፤ አላመሰገኑምም። ዝም ማለታቸው እያሰቡ ነው ማለት ነው። ጂቤክ ግን ከዳገቱ ወዲህ ፊታቸው ተለውጧል ብላ ጽፋልኛለች። እርስዎ ቢጫውን መስመር ሲያዩ መደንገጥዎን አይተዋል። ዕቃው ከእርስዎ አለመምጣቱን ካወቁ ይመልሱታል፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ብልክም በራቸው አይከፈትም።

ይዋሹልኝ ብዬ አልጠይቅዎም። ቢቆጡም ይገባዎታል።

ኡላርቤክ


አት-ባሺ፣ ኦገስት 30

ለሌባው የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታ የለህም። ጤና ይስጥህ፣ ግን ያለ ሰላምታ።

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ የቀደድኩት ስንት ጊዜ እንደሆነ ምድጃው ይመስክር። መጀመሪያ ሳይካልን ጠየቅኳት። «አዎ፣ አውቃለሁ» አለች፣ ሊጥ እያቦካች፣ ቀና ሳትል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ በማግስቱ ሄደህ ትፎክርበት ነበር።»

ይህን የጻፍኩበትን ወረቀትም ቀደድኩት። ከዚያ ሌላ ነገር ገባኝ። ለካ ያኔ የጠቀሰኝ ሲያሾፍብኝ አልነበረም፤ የማውቅ መስሎት ነው። «አንተ ነህ የምትጠይቀኝ?» ያለኝም ለዚያ ነው። ከኤፕሪል እስከ ጁላይ በገዛ ስጦታዬ ስቀና ከርሜያለሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሞኝ በአት-ባሺ ከኔ ሌላ ካለ ጻፍልኝ፤ በሱም እቀናለሁ።

ምንጣፉን አውልቄ ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ዳገቱን ወጣሁ፤ ከኋላ የድንጋይ ከረጢት ጭኜ። ቀዩ መብራት ብልጭ እንኳ አላለም። የሻይ ማጥለያዋ ሠራች። ያየኝ ግን የተራራ ፍልፈል ብቻ ነው። ሽማግሌ በሌለበት የወጡት ዳገት ምን ያደርጋል? ለካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ላክህልኝ፤ ለኔ የሚገጠም ግን ሳይካልም እስካሁን አላገኘችልኝም።

እውነቱን ልንገርህ። ትናንት ማታ ሄጄ ሁሉንም ልነግረው ተነስቼ ነበር። «ስማ ሱዩንዱክ፣ እኔ ላንተ ብሎን እንኳ አልላክሁም፤ የሚያምር ዕቃህ የልጅ ጨዋታ ነው» ልለው። አፌ ላይ እንዴት እንደጣፈጠኝ አትጠይቀኝ። ፊቱ ሲወድቅ ታየኝ። ዕቃውን ፈትቶ ሲመልስ ታየኝ። በሚቀጥለው ዓመት ዳገቱ መሐል መብራት ሲበራበት፣ እኔ ባዶ መኪና ይዤ ከኋላው ስመጣ፣ አባባ አሸንባይ ምርኩዛቸውን ሲያነሱ፣ ሁሉም ታየኝ። ጫማዬን አድርጌ ደጅ ድረስ ወጣሁ። ከዚያ ከመቀመጫዬ ሥር ጠቅልሎ ያስገባልኝ ምንጣፍ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ለማንም አልተናገረውም፤ ለሚስቱ እንኳ። ለሚስቱ ነግሮ ቢሆን ሳይካል ታውቅ ነበር።

ስለዚህ ያልወሰንኩ ሰው ሆኜ ነው የምጽፍልህ። አንተን ልርዳህ ብል ለሱ ትልቁን ዕቃ በገዛ አፌ እመርቅለታለሁ። እሱን ላዋርደው ብል

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። ውሻችን አልጮኸም፤ የሚያውቀው ሰው ነው።

ሱዩንዱክ ነው። በመስኮቱ አየሁት። በእግሩ ነው የመጣው፤ ይህ ሰው አጥሩ ድረስ ለመሄድ እንኳ ሞተር የሚያስነሳ ነው። ሦስት ወር ቤቴን ረግጦ አያውቅም። እጆቹን አየሁ። ባዶ ናቸው፤ ገና አልመለሰውም። ሳይካል ከፈተችለት። «ግባ እንጂ» ትለዋለች። አይገባም። ደፉ ላይ ጫማውን እንዳደረገ ቆሟል። ብዕሩን ይዤ እንዳለሁ ከዚያው ሆኖ ይጠይቀኛል፦

«ካዲርኩል፣ ሳልቀመጥ አንድ ነገር ንገረኝ። ያንን ዕቃ የላክህልኝ አንተ ነህ ወይስ ልጁ ነው?»

ሳይካል ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። አንገቷ ቀልቷል።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ዳገቱ ላይ ከኋላዬ መምጣትህ እንዳይቀርብኝ ብዬ።»

  አሁን አጎንብሷል፤ የጫማውን ክር እየፈታ ነው።